ዲስክ፣ ሰንሰለትና ማሲንቆ፦ የጎንደር የጉዞ ማስታወሻ

ባንድ ውስጥ የኖረ ሰው ዲስክ ጎልፍ ሲጀምር ከዜሮ አይነሳም። ምት ያውቃል፣ ተራ መጠበቅ ያውቃል፣ አንዲትን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ማጥራት አይሰለቸውም። ይህ ማስታወሻ ድሮ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን ወይም ማሲንቆ ይጫወቱ ለነበሩና አሁን ዲስክ በትከሻቸው ይዘው ለሚዞሩ ሰዎች ነው። ጎንደር የተመረጠችው በሁለት ምክንያት ነው። የአዝማሪ አገር ናት፤ ደግሞም ዳገቷ፣ ባሕር ዛፏና የጠዋት ጸጥታዋ ለውርወራ ይስማማል።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ አካሄዱ እንደ ጎልፍ ነው። በኳስና በዱላ ፋንታ ዲስክ በእጅ ይወረወራል፤ በቀዳዳው ቦታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ይቆማል። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። የጨዋታው አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ በኦክ ግሮቭ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ዘረጋ፤ በ1976 የተጫዋቾቹን ማኅበር አቋቋመ፤ ለባለ ሰንሰለቱ ቅርጫት ደግሞ በ1977 የፈጠራ መብት አገኘ።

ወቅቱ የጥር ሁለተኛ አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል። ጥምቀት አልፏል፣ አልጋ እንደ ልብ ይገኛል፣ እህሉ ከማሳ ተነስቷል፣ ዝናብ የለም። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነም ሙዚቃው በየሰፈሩ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ የሄደ ሰው ግን አዝማሪ ቤቶቹን ጭር ብለው ያገኛቸዋል፤ የጉዞው ግማሽ ቀረበት ማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀን፦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን በየብስ መሄድ የሚፈልግ የመንገዱን ጸጥታ በዕለቱ ከሹፌሮች ጠይቆ ይነሳ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በአዘዞ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ፒያሳ ታክሲ አይጠፋም።

ዕቃ አያያዙ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለጉዞ የሚያዘው ተጣጣፊ ቅርጫት እንደ አሠራሩ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ሰንሰለቱ እጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ በፍተሻ ስለሚያስቆም ከታች በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። በአሮጌ ጋቢ ወይም በፎጣ ይጠቅለል፤ አለዚያ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ለመፍታት አንድ ሰዓት ይፈጃል። በጉዞ ላይ ሁሌ የሚጠፋው በእጅ የሚጠብቀው ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። ትርፍ አራት ዳዶና ብሎን በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከቅርጫቱ እግር ጋር ማሰር መፍትሔ ነው። ዲስኮች ተደራርበው ጠፍጣፋ ይቀመጡ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ዲስክ ጠርዙ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ በረራው አይታመንም።

ማሲንቆ ይዞ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ጭራውን ያላላ፣ ብርኩማውን (ጭራውን ከቆዳው በላይ ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት) ከቆዳው ላይ ያንሳ። ብርኩማው በጠበቀ ጭራ እንደተጫነ ከተጓዘ ቆዳውን ያጎደጉደዋል፤ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። የደጋኑ ጭራም ይላላ። ጎንደር እንደ ደረሱ ወዲያው መቃኘት አያዋጣም። በጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳው ይወጠራል፣ ብርኩማው ከፍ ይላል፣ ድምፁም አብሮ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ካረፈ በኋላ የተቃኘ ማሲንቆ እስከ ማታ ይቆያል። ክራር የያዘም እንዲሁ ያድርግ፤ ቀንበሩ ላይ ያሉት መቃኛዎች በደረቅ አየር ይንሸራተታሉ፤ ከስራቸው የተጠመጠመው ጨርቅ ጠበቅ ይበል።

ማታ የሚሠራው የዲስክ ምርጫ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ዲስክ የሚንሳፈፈው አየር ተደግፎ ስለሆነ እዚህ ቶሎ ይወርዳል። በቀኝ እጅ በባክሃንድ (ክንዱ በደረት በኩል ተስቦ) የተወረወረ ዲስክ በበረራው መሀል ወደ ቀኝ የሚያደርገው ዘንበል ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ የሚሰብረው ይበዛል። ስለዚህ በቆላ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ድራይቨር (ለሩቅ ውርወራ የሚሆነው ፈጣን ዲስክ) እዚህ ግራ ግራውን ይላል። መድኃኒቱ በላዩ ከተጻፉት አራት ቁጥሮች ሦስተኛው፣ ማለትም ዘንበሉን የሚያሳየው፣ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 የሆነ ድራይቨር መምረጥ ነው። ክብደቱ ከ165 እስከ 170 ግራም ቢሆን ይበልጥ ይታዘዛል። ለአንድ ሰው ለቅርቡ ሁለት ፓተር፣ ለመካከለኛው ርቀት ሁለት ሚድሬንጅ፣ ለሩቁ ሦስት ድራይቨር ይበቃል። የአካባቢው ድንጋይ ጥቁርና ሻካራ ስለሆነ ርካሹን ፕላስቲክ በአንድ ቀን ይፈቀፍቀዋል። ለድራይቨር ጠንካራውን ፕላስቲክ፣ ለፓተር ግን እጅ ላይ የሚይዘውን ለስላሳውን መውሰድ ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ ሜዳ መዘርጋት

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ያስፈልጋል። ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ዳገት ዳገቱን መውጣት ይጀምራል፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ዲስኩን ያገለብጠዋል፣ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ወደ መሬት ይጫነዋል።

ቦታው ከከተማው ዳር ያለ፣ ከብት የጋጠው፣ ጎኑ ባሕር ዛፍ የሆነ ሜዳ ነው። በመጀመሪያ ፈቃድ። ባለቤቱን አግኝቶ፣ ባርኔጣ አውልቆ፣ «አባባ፣ እንደምን አደሩ፤ ከዚህ ሜዳ እስከ ረፋድ ብንጫወት ይፈቅዱልናል? ሰብል አንረግጥም፣ ከብት ሲመጣ እናቆማለን» ማለት ይበቃል። ዲስኩን በእጃቸው ሰጥቶ ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። የግቢ ሜዳ ከሆነ ከጥበቃው ሳይሆን ከአስተዳደሩ መጠየቅ ነው፤ ጥበቃው ቢፈቅድም ተረኛው ሲቀየር ያስወጣል።

በሦስት ቅርጫት ዘጠኝ ቀዳዳ (ከመወርወሪያ እስከ ቅርጫት ያለ አንድ ዙር) ይሠራል። ቅርጫቶቹ በሦስት ማዕዘን፣ በመካከላቸው ከ60 እስከ 70 ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ሲወረወር ሦስት ሆነ። በተቃራኒው ሲዞሩ ስድስት። የቀሩት ሦስቱ ከማዕዘኑ ውጭ፣ ከዛፎቹ መሀል የሚጀመሩ ናቸው፤ እነሱን እስከ 95 ሜትር ማርዘም ይቻላል። ዳገትና ቁልቁለት ሲለካ አንድ ሜትር ከፍታ እንደ ሦስት ሜትር ርዝመት ይቆጠራል፦ 60 ሜትር ሆኖ 5 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ቀዳዳ 75 ሜትር ያህል ይከብዳል። ገደል አፋፍ ላይ ቅርጫት ማቆም የለበትም። በጠርዙ የወደቀ ዲስክ ይንከባለልና ሸለቆው ውስጥ ይገባል።

የመወርወሪያው ቦታ 1.5 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ አራት ድንጋይ ማዕዘኑን ያሳያል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ በቅርንጫፍ ይጠረግ። ፍሬው እግር ስር ገብቶ ሲንከባለል የሚጎዳው ጉልበት ነው።

እረኞች ይመጣሉ፣ መምጣታቸውም ደስ ይላል። ልጆቹ ዲስኩን ሮጠው አንስተው ሊያመጡ ይፈልጋሉ፤ ይህ ደግነት ጨዋታውን ያፈርሳል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ውርወራ የሚጀመረው ዲስኩ ካረፈበት ነው። «ሳትነካ አጠገቡ ቁም» ብሎ ማስተማርና ለዚህ ሥራ መክፈል ተገቢ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ዲስክ በእነሱ ዓይን ወዲያው ይገኛል።

አሁን ወደ ምቱ። በባክሃንድ ሲወረወር ቀኝ እጀኛ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፦ ቀኝ፣ ግራ ከቀኙ ኋላ ተሻግሮ፣ ቀኝ ተተክሎ። ጀማሪ ሦስቱንም እኩል ይረግጣል፤ ወይም ይሮጥና ክንዱ ይቀድማል። ከቡድኑ ከበሮ መቺው ያመጣው መላ ለሁላችንም ሠርቷል፤ የጭክጭካን ስድስት ምት መቁጠር ነው። የመጀመሪያው ቀኝ እግር በአንድ፣ ግራው በአራት፣ የሚተከለው ቀኝ በስድስት፣ ዲስኩ ከእጅ የሚወጣው በሚቀጥለው አንድ ላይ። በእርምጃዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ እያለ ያጥራል፤ ፍጥነቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዲስኩ ወደ ኋላ ተስቦ ጫፉ ላይ የሚደርሰው እግሩ በሚተከልበት በስድስት ነው። በአራት ላይ ከደረሰ ክንዱ ቆሞ እግሩን ይጠብቃል፤ የሰውነቱ ኃይል ወደ ዲስኩ አይተላለፍም። አንድ ሰው በጭብጨባ ምቱን ይዞ ሌላው ሲወረውር ስህተቱ በጆሮ ይሰማል። ከቪዲዮ ይልቅ በዚህ መንገድ ቶሎ ይታረማል።

የአያያዙ ነገር የማሲንቆ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ደጋን የያዘ አንጓ ላላ ብሎ ይቀድማል፣ ደጋኑ ይከተላል፤ ጣት ደርቆ ከያዘ ጭራው ያፏጫል። ዲስክም ከደረት እስኪያልፍ ላላ ተብሎ ይያዛል፤ ጠበቅ የሚደረገው ከመውጣቱ በፊት ባለች ቅጽበት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ጨምድዶ የያዘ ሰው የክንዱ ጡንቻ ስለሚደርቅ ዲስኩ መሽከርከር ያንሰዋል፤ ሽክርክሪት ያነሰው ዲስክ ደግሞ ይወዛወዛል።

ጣቱ እንጀራው ለሆነ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቀን ከ50 በላይ የሙሉ ኃይል ውርወራ አይወርወር። ፎርሃንድ (ከጎን በኩል የሚወረወረው) ክርን ላይ ጫና ያበዛል፤ ለዓመታት ቤዝ የተጫወተ ክንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድሮውንም የደከመ ጅማት አለው። አሥር ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ በፓተር አጭር አጭሩን፣ ድራይቨር በመጨረሻ።

ሦስተኛ ቀን፦ ፋሲል ግቢና አዝማሪ ቤት

ዛሬ ዲስክ ሆቴል ይቀራል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በቁስቋም ለሙከራ እንኳ ዲስክ መወርወር ነውር ነው።

አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም ከቆረቆሩ በኋላ ተከታዮቻቸው በግቢው ውስጥ የየራሳቸውን ሕንፃ ጨምረዋል። ሙዚቀኛ ሰው ቆም ብሎ ማየት ያለበት ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዳዊት ሣልሳዊን አዳራሽ ነው፤ የዘፈን ቤት በመባል ይታወቃል። ለዘፈንና ለሥነ ሥርዓት ተብሎ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ቤት ማየት ለሙዚቃ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከግቢው ወጥቶ ጃንተከል ዋርካ ጥላ ስር ሲቀመጡ የባንድ ወሬ ይነሳል። የዘመናዊው ባንድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ነው። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገሩ ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ይባሉ ነበር። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ከኪቦርድና ከጊታር ጋር በአንድ መድረክ የማስማማቱ ጥበብ በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ በደንብ ተሠርቶበታል። ዛሬ ሰርግ የሚሠራ ባንድ ሁሉ የሚታገለው በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ ከወሬው ውስጥ ቁም ነገሩን እዚህ አስፍረናል።

መጀመሪያ የሚቃኘው ማሲንቆው አይደለም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘፋኙ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለድምፁ በሚመቸው ከፍታ ነው፤ ኪቦርዱ ከፍታውን በሚቀይረው የትራንስፖዝ ቁልፍ ወደ እሱ ይሄዳል። ኪቦርድ ላይ ያለው የድምፆች እኩል ክፍፍል ከማሲንቆ ጣት ጋር በሁሉም ቦታ አይገጥምም። በትዝታ ቅኝት ልዩነቱ ብዙ አይሰማም፤ በአንቺሆዬ ቅኝት ግን ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ በአንቺሆዬ ኪቦርዱ ዜማውን ትቶ መነሻውን ድምፅ ብቻ ይዞ ቢቆይ ያምራል።

ማይክራፎን ለማሲንቆ ከቆዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደጋኑ በማይመጣበት በኩል ይደረጋል። በጣም ከቀረበ የደጋኑ ፍትጊያ ከዜማው በልጦ ይሰማል። ከራቀ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ያፏጫል፤ ቆዳው ራሱ የስፒከሩን ድምፅ ተቀብሎ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹን ከሞኒተሩ (ተጫዋቹ ራሱን ከሚሰማበት ስፒከር) ጎን እንጂ ፊት ለፊት አለማስቀመጥ ግማሹን ችግር ይፈታል።

ሌላው ጄኔሬተር ነው። ሰርግ መሀል ኪቦርዱ ጠፍቶ ሲበራ ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም። የቤዙ አምፕሊፋየር በእያንዳንዱ ምት ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ኪቦርዱ ያን መሸከም አይችልም። ኪቦርድና ሚክሰር በአንድ መስመር፣ በዩፒኤስ ወይም በስታቢላይዘር በኩል፤ አምፕሊፋየርና መብራት በሌላ መስመር። የድንኳኑ ማፍያ ምድጃ ከሁለቱም ይራቅ።

ማታ አዝማሪ ቤት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ሙቀቱ አይመጣም። መመለሻው ሌሊት ስለሆነ ባጃጅ ቀድሞ መነጋገር፣ የሰዓት ገደብ ካለም ሆቴሉን መጠየቅ። ዝርዝር ብር አስቀድሞ ይያዝ፤ ሽልማት በግንባር ይለጠፋል ወይም በእጅ ይሰጣል፤ ወርውሮ መስጠት አይገባም። ጠጅ በብርሌ፣ ወይም እዚያው ጎንደር የሚጠመቀው ዳሽን።

አዝማሪው ስንኝ ይሰጣል፣ እንግዳም «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ማቀበል ይችላል። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው ስንኙን በማርዘም ነው። ዜማው ውስጥ እንዲገባ እያንዳንዱ መስመር ሁለት እኩል ክፍል፣ በየክፍሉ ስድስት ቀለም ይኑረው፤ ቤት መምታቱም ግድ ነው። ለዲስክ ጎልፍ ቡድን የሚሆን አንድ እነሆ፦

ዛፉን ሸሽቶ ሄዶ መንገድ ሲቀናለት፣
እልል አለ አሉ ዝምተኛው ሰንሰለት።

በጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ክፍሉን ለይቶ መናገር ነው። አዝማሪው አንዴ ከያዘው በኋላ የራሱን ይጨምርበታል፤ የሚጨምረው ሁልጊዜ ከተቀበለው ይበልጣል።

አራተኛ ቀን፦ ብየዳ ቤት

የጉዞው ዋና ሥራ ይህ ነው፦ ጎንደር የሚቀር ቅርጫት ማሠራት። ብየዳ ቤት የሌለበት ሰፈር የለም፤ ሰንሰለቱና ብረቱ ደግሞ ከብረታ ብረት ሱቆችና ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ ይገኛል። ለበያጁ ሥዕል ሳይሆን ተጣጣፊውን ቅርጫት ራሱን ይዞ ሄዶ ማሳየት ጊዜ ይቆጥባል፤ ጥሩ ባለሙያ አንዴ ዞሮ ካየው ይገባዋል።

ልኩ የሚከተለው ነው። ምሰሶው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ፤ ከመሬት በላይ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት በታች 50 ሴንቲ ሜትር በኮንክሪት። የቅርጫቱ አፍ ከመሬት 82 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ ሕጉ ወደ ላይም ወደ ታችም 6 ይፈቅዳል። የቅርጫቱ ስፋት 65፣ ጥልቀቱ 18 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ቀለበት 134 ሴንቲ ሜትር ላይ ይበየዳል፤ ስፋቱ 55። ለቀለበቶቹ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል። የቅርጫቱ ዘንጎች ክፍተት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ በሰፊ ክፍተት ዲስኩ በጠርዙ ሾልኮ ይወጣል።

ሰንሰለቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በውጭ 12፣ በውስጥ 6 ዘለላ ይንጠለጠላል። የውጮቹ እያንዳንዳቸው 70 ሴንቲ ሜትር፣ የውስጦቹ 64፤ ድምሩ ከ12 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ 13 ሜትር መግዛት ነው። የሁሉም የታች ጫፍ ምሰሶውን በላላ ቀለበት ይከብባል፤ ይህ ቀለበት ከቅርጫቱ ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በነፃነት መንቀሳቀስ አለበት። በያጁ «ይጠንክር» ብሎ ምሰሶው ላይ እንዳይበይደው ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ከተበየደ ሰንሰለቱ ዲስኩን ተቀብሎ ማብረዱ ይቀርና ይመልሰዋል። የሰንሰለቱ ሽቦ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ለበር ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ዲስኩን ያነጥረዋል። ቀጭኑ ደግሞ ዲስኩን ያሳልፋል።

አንድ የጤና ጉዳይ። ሰንሰለቱ ዚንክ የተቀባ ከሆነ አይበየድ። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ያማል፤ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ሰንሰለቱ በኤስ ቅርጽ በተጠመዘዘ መንጠቆ ይንጠልጠልና መንጠቆው በጉጠት ይዘጋ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዘለላው ሲበላሽ ነቅሎ መቀየር ይቻላል። ምሰሶው ራሱ ዚንክ ከሆነ የሚበየድበት ቦታ በግራይንደር ይፋቅ፣ ሥራውም ውጭ አየር ላይ ይሁን። ሰንሰለቱ የሚሰቀለው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ የብየዳ ፍንጣሪ የሰንሰለቱን አይኖች (ትንንሽ ቀለበቶቹን) አጣብቆ ያደርቃቸዋል። ብረቱ አንቲረስት ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባ። ሰንሰለት ቀለም አይቀባም።

ሙከራው ከ5 ሜትር በፓተር ነው። መሀሉን፣ ግራውን፣ ቀኙንና የታችኛውን ሰንሰለት ለየብቻ መምታት። መሀል የገባው እየተመለሰ ከወጣ ሰንሰለቱ አጥሯል፤ ሁለት ሁለት አይን መጨመር። በጎን የመጣው አልፎ ከወጣ የውስጦቹ ዘለላዎች ከውጮቹ ጋር በአንድ መስመር ቆመዋል፤ ግማሽ ክፍተት ማዞር። የባንድ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል፦ ጥሩ ቅርጫት ሲመታ ረጅም ሻካራ ድምፅ ያወጣና ቶሎ ይረጋል፤ «ቀጭ» ብሎ የሚያቆም ከሆነ አንድ ቦታ የተያዘ ሰንሰለት አለ። ሳክስፎን ይጫወት የነበረው ተጓዥ ዓይኑን ጨፍኖ የተጣበቀውን ዘለላ ለይቶ ሲያሳይ በያጁ ሥራውን አቁሞ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም እየመታ ራሱ ይፈትሽ ጀመር።

አምስተኛ ቀን፦ ሙሉ ጨዋታና ስንብት

ጠዋት በጥንድ መጫወት ነው። ሁለቱም ይወረውራሉ፣ የተሻለው ይመረጣል፣ ሁለቱም ከዚያ ይቀጥላሉ። ሁሉም ቀዳዳ ፓር 3፣ ማለትም በሦስት ውርወራ ሊጨረስ የሚገባው ነው። ከቅርጫቱ የራቀ ቀድሞ ይወረውራል፤ ለእያንዳንዱ ውርወራ 30 ሰከንድ አለ። ከድንበር የወጣ አንድ ውርወራ ይጨመርበታል። ሌላው ሲወረውር ዝምታ፤ መድረክ ላይ ሶሎ የሰጠ ሰው ይህን ማስታወስ አያስፈልገውም።

ከቅርጫቱ በ10 ሜትር ውስጥ ያለ ሰው ከወረወረ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ሳያሳይ ወደፊት መራመድ አይችልም። በዚህ ርቀት የከፍታው አየር ውጤት ትንሽ ቢሆንም ይታያል፦ ፓተር ከተለመደው ዝቅ ብሎ ይመጣል። የሚታለመው የሰንሰለቱ መሀል ሳይሆን ከመሀሉ አንድ ጥፍር ያህል ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ የዲስኩም አፍንጫ (የፊት ጠርዙ) ቀና እንዳይል። ዳገት ላይ ቅርጫቱን የሳተ ፓተር ሊንከባለል ስለሚችል ከኋላው ቁልቁለት ካለ በዝግታ መወርወር ያዋጣል።

ከረፋድ በኋላ ዕቃ መሰብሰብ። አዲሱ ቅርጫት የሚሰጠው ሜዳ ላለው ትምህርት ቤት ወይም ለሰፈር የስፖርት ክበብ ነው፤ በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በተቋሙ ንብረት መዝገብ ተጽፎ። አብረው ስድስት ፓተር ይተው። ድራይቨር መተው ለጀማሪ አይጠቅምም፦ ፈጣን ዲስክ በቂ ፍጥነት ካላገኘ ወዲያው ወደ ግራ ይሰበራል፣ ልጁም ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል። ፓተር ግን በዝግታ ሲወረወርም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አወራወሩን ያስተምራል፤ ሰው ላይ ቢያርፍም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ለተረካቢው የሚነገረው ጥገና አጭር ነው። ሰኔ ሳይገባ ሰንሰለቱ ከመንጠቆው ይወርዳል፣ ተጠርጎ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ታብሶ በጆንያ ቤት ይገባል፤ መስከረም ላይ ይመለሳል። ምሰሶው ኮንክሪቱን የሚነካበት ቦታ በየዓመቱ አንቲረስት ይደገምለት፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።